ወንዳወቅና ባለ ቫልቩ አምፕሊፋየር

ወንዳወቅን አንተ ነህ ያጠፋኸው የሚሉኝ ሰዎች እውነታቸውን ነው። እኔ ነኝ። ስሜ ያለው ይባላል፤ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ ሬዲዮና ቴፕ እጠግናለሁ፤ አፌ ከእጄ እንደሚቀድም አገር ያውቃል። ወንዳወቅ ደግሞ የሠፈራችን ጊታር ተጫዋች ነው። ረዥም፣ ጭምት፣ ሁለት ጊዜ ካልጠሩት የማይዞር ሰው። ጊታሩን ሲይዝ ግን ሌላ ሰው ይሆናል፤ እኔ እንኳ ዝም እላለሁ።

ይጫወትበት የነበረው የኪነት ቡድን ከፈረሰ በኋላ የቀረው የሠርግ ሥራ ብቻ ነበር። የሠርጉን ባንድ የሚመራው ምሥጋና የሚባል ኪቦርድ ተጫዋች ነው። ሁለት ሺህ ሁለት ላይ፣ ኅዳር ሲገባ፣ ምሥጋና ሱቄ ድረስ መጥቶ በፊቴ ነገረው።

«ወንዴ፣ አትቀየመኝ። ኪቦርዱ ውስጥ የጊታር ድምፅ አለ። ለጥር ሠርግ ዳስ ሙሉ የሚሰማ አምፕሊፋየር ካላመጣህ ያንተንም እኔው እጫወተዋለሁ።»

ወንዳወቅ አርባ አንድ ዓመቱ ነበር። ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም። በሳምንቱ ገጠር ሄዶ ከአባቱ የደረሰችውን አንዲት ጊደር ሸጠና «ያለው፣ ዕቃውን የምታውቅ አንተ ነህ፤ ምረጥልኝ» አለኝ። እንዲህ ያለ አደራ ለእኔ መስጠት! ምን አለ ያን ቀን ታምሜ በተኛሁ።

መጀመሪያ ባሕር ዳር ሄድን። ባንቺአየሁ የምትባል ነጋዴ አንድ አዲስ ዕቃ አወጣችልን። ትንሽ ናት፤ በአንድ እጅ ትነሣለች። ውስጧ ኮምፒውተር አለ፤ ቁልፏን ባዞርክ ቁጥር የሌላውን ሁሉ አምፕሊፋየር ድምፅ አስመስላ ታወጣለች። ወንዳወቅ ሲሞክራት ፊቱ በራ። እኔ ግን ከኋላዋ አየሁ፤ ሁሉ ነገር አንድ ሰሌዳ መሳይ ካርድ ላይ ተለጥፏል፤ ጣቴን የማስገባበት ቦታ የለም።

«ይቺማ አስመሳይ ናት» አልኩት። «ካርዷ የተቃጠለ ቀን ምኗን ልጠግነው? ባይሆን ባለ ቫልቭ እንፈልግ።»

ቫልቭ ማለት በድሮ ትልልቅ ሬዲዮ ውስጥ እንደ ትንሽ አምፖል እየቀላ የሚበራው ብርጭቆ ነው። እጄን ያፍታታሁበት እሱ ላይ ነው። ድምፁም እውነቱን ለመናገር ሞቅ ያለ ነው፤ ጊታር የሚጫወቱ ሰዎች እሱን ሲያወሩ ምራቃቸውን ይውጣሉ። ወንዳወቅም «ሞቅ ያለ ድምፅ ነው የምፈልግ» እያለ ስንት ዓመት አደንቁሮኛል። አሁን ሳስበው ግን የባንቺአየሁ ዕቃ ምንም አልጎደላትም። ያንገበገበኝ እኔን የማትፈልገኝ መሆኗ ነው።

ቡሬ አንድ ባለ ቫልቭ እንዳለ ሰማሁ። ባለቤቱ አያ ሃይለ ሚካኤል ናቸው፤ በደርግ ጊዜ የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራ ውስጥ ጊታር ይጫወቱ የነበሩ፣ አሁን ከቤተ ክርስቲያን የማይጠፉ ሽማግሌ። ዕቃውን ጋቢ አልብሰው አስቀምጠውታል። ከባድ ነው፤ ለሁለት ነው ያነሣነው። መብራት በፈረቃ ነበርና ሊጠፋ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ሰካነው። ወንዳወቅ አንድ ጊዜ ክሩን ነካው፤ ድምፁ ቤቱን ሞላው። ምን ልበላችሁ፣ እንባዬ መጣ።

«አያ፣ ችግር አለበት?» አለ ወንዳወቅ፣ አንገቱን ደፍቶ።

ሽማግሌው የዕቃውን ጋቢ አጣጠፉ። «ልጄ፣ ይሞቃል» አሉት። «እንደሱ የሚሞቅ ዕቃ የለም። ማንኩሳ ሠርግ ይዤው ሄጄ፣ ሰው ሁሉ ነው ከመቀመጫው የተነሣ። ከዚያ ወዲህ ለኔ በቃኝ ብያለሁ።»

ወንዳወቅ ፈገግ አለ። እኔም ፈገግ አልኩ። ክዳኑን ከፍቼ ሆዱን ማየት ነበረብኝ፤ ሙያዬ ነው። ግን ሽማግሌ ፊት ዕቃቸውን ገልብጦ መፈተሽ ውሸታም ናቸው ማለት ነው፤ አፈርኩ። የደንበኛ ሬዲዮ ስገለብጥ ያላፈርኩ ሰው እዚያ አፈርኩ። ዋጋም አልተከራከርንም። ለዕቃው ርካሽ ነው ብለን ገርሞን ነበር።

የመጀመሪያው ሠርግ ጅጋ ነበር፣ ጥር አጋማሽ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በጄኔሬተር። እኔም ሄድኩ፤ የመረጥኩትን ለማየት። ሁለት ዘፈን ተጫወተ። እነዚያን ሁለት ዘፈኖች የሰማ ሰው አሁንም ያወራል። ሙሽራው ራሱ እስክስታውን ትቶ ቆመ። ምሥጋና ሳይቀር ኪቦርዱን ዝቅ አድርጎ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። ወንዳወቅ ወደኔ አየና ሳቀ። ጥርሱን ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሦስተኛው ዘፈን ላይ የጎማ ቃጠሎ ሸተተኝ። ከሳጥኑ ጀርባ ጭስ፣ ከዚያ ነበልባል ወጣ፤ የዳሱን ሸራ ሊልስ ትንሽ ቀረው። ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ተነሣ። የቡሬው ሽማግሌ «ይሞቃል» የገባኝ ያኔ ነው። ወርቁን ትተን ሰሙን ይዘን ኖሯል። አሳላፊዎቹ የያዙትን ጠላ እሳቱ ላይ ደፉት። ቀዝቃዛ ጠላ፣ የጋለ ብርጭቆ ላይ። አራቱም ቫልቭ አንድ በአንድ ሲሰነጠቅ በጆሮዬ ሰማሁት።

ሱቄ ወስጄ ሆዱን ፈታሁት። ትራንስፎርመሩ ከዓመታት በፊት ተቃጥሎ እንዲያው በስፌት ክር ታስሮ የቆየ ነው፤ አንድ ጊዜ ብከፍተው ኖሮ በዓይኔ አየው ነበር። የትራንስፎርመሩን ሽቦ እንኳ እኔው እንደ አዲስ እጠመጥመው ነበር። ቫልቩ ግን የለም። ባሕር ዳር የለም። መርካቶ ያስጠየቅኩት ሰው «እሱን የሚሠራ ፋብሪካ አሁን አለ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። እጠግነዋለሁ ብዬ ያስመረጥኩት እኔ ነኝ።

ቡሬ ተመልሰን ሄድን። አያ ሃይለ ሚካኤል ሲሰሙ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ነግሬያችሁ ነበር እኮ፣ ልጆቼ» አሉ። «የጎጃም ልጅ ናችሁ፣ ዝርዝር ምን ያደርግላችኋል ብዬ። ዋጋውንም ለዚያ ነው ዝቅ ያደረግሁት። ስትስቁ ጊዜ ገባቸው አልኩ።»

ወንዳወቅ ጉልበታቸውን ስሞ ወጣ። ፍኖተ ሰላም እስክንደርስ ፊቱን ወደ መኪናው መስኮት አዙሮ ሄደ። ቢሰድበኝ በወደድኩ።

ምሥጋና ክፉ ሰው አይደለም። «ቪዲዮው ላይ ጊታር ሲታይ ሰው ይወዳል፤ ይዘህ ቁምልኝ» አለው። ወንዳወቅ እሺ አለ። ከፋሲካ በኋላ እዚሁ ከተማ አንድ ሠርግ ላይ አየሁት። አምፕሊፋየር ላይ የሚሰካውን የጊታሩን ገመድ ጫፍ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከቶታል። ምሥጋና በኪቦርዱ የጊታር ድምፅ ያወጣል። የወንዳወቅ ጣቶች ግን አንዱንም ቦታ አይስቱም፤ እያንዳንዱን በቦታው ይጫናሉ፤ የሚሰማ የለም። ዘፈኑ ሲያልቅ የሙሽራዋ አጎት ተነሥተው ግንባሩን ሳሙት። «ጊታር እንዲህ የሚያናግር ሰው አላየሁም» አሉት። ወንዳወቅ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና «እግዜር ይስጥልኝ» አለ። እኔ ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ።

ባለፈው ሰኔ በሱቄ በር ሲያልፍ ጠራሁት፤ ሁለቴ። ከትከሻው ላይ ያንጠለጠለውን ጊታር ሳየው ሦስት ክር ተበጥሷል። ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው ነበረኝ።

«ክር ላስመጣልህ?» አልኩት።

ቆም ብሎ አየኝ። ቁጣ የለበትም።

«ለምን?» አለኝ።