ያልተሰረዘች ልጅ

ከፈላና በር ሰፈር የመጡት እናት ወረቀቶቻቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛዬ ላይ ደረደሩ። የልጃቸው የካናዳ የቤት ኪራይ ውልና የመብራት ደረሰኝ አለ። የካናዳ ኤምባሲ ግን ተጠራጥሯል፤ በቀበሌው የቤተሰብ ቅጽ ላይ ልጅቷ ዛሬም እዚሁ ሐረር፣ እናቷ ቤት ትኖራለች። እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ የእናትየው የቪዛ ማመልከቻ ይዘጋል።

«እማማ፣ ከሄደች ስምንት ዓመቷ አይደል? ለምን አላሰረዟትም?»

«ቅጹ በታደሰ ቁጥር ‹አለች› እላለሁ። ምነው፣ አልጋዋን አንጥፌ የለ!» ብለው ሳቁ። ጣቶቻቸው ግን ወረቀቶቹን ያመጡበትን ፌስታል ጆሮ ይጠመዝዛሉ። «አሁን እሷ ጋ ለመሄድ እሷን ላጥፋ?»

የስረዛ ማመልከቻውን ገፋሁላቸው። ፈረሙ።

«ቀስ ብለሽ ሰርዣት ልጄ። ስሟ ይነበብ።»

ባለፈው ወር የሟች ባሌን ስም ከራሴ ቤተሰብ ቅጽ ላይ የሰረዝኩበትን ማስመሪያ አነሳሁና አንዲት ቀጭን መስመር አሰመርኩ።