የአያቴ ምርቃት በኢንፍራሬድ

ዛሬ ካዛንቺስ አንድ ካፌ ውስጥ ሁለት ወጣቶች ስልኮቻቸውን አስጠግተው ፎቶ ሲላላኩ አየሁና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆንኩ።

አያቴ ባረፉ በሳምንቱ ነበር። ሲመርቁኝ የቀዳሁት ድምፃቸው የነበረው በእናቴ አሮጌ ስልክ ላይ ብቻ ነው፤ ስልኩም በየደቂቃው መጥፋት ጀምሮ ነበር። በኢንፍራሬድ፣ በማይታየው የስልኮቹ ጨረር፣ ወደ ጎረቤታችን ወደ እትዬ ዘይነባ ስልክ ላሻግረው ደጃፋቸው ላይ ተቀመጥኩ። ስልኩ ይፈልግ፣ ይፈልግና "ምንም አልተገኘም" ይለኛል። በሦስተኛው እንባዬ መጣ።

እትዬ ዘይነባ ስልኮቹን አገላብጠው አዩና፣ "ዓይናቸው የቱ ነው?" አሉኝ።

አናታቸው ላይ ያለውን ትንሽ ጥቁር መስኮት አሳየኋቸው።

"ታዲያ ጎን ለጎን አስቀምጠሽ እንዴት ይተያዩ? ፊት ለፊት አድርጊያቸው እንጂ! ፀሐዩም አጥበርብሯቸዋል።" ሻርፓቸውን ፈትተው ከላይ ጋረዱልኝ።

በስንዝር ርቀት አፋጠጥኳቸው። የእትዬ ዘይነባ ስልክ ስም ብቅ አለ! ድምፁ ቀስ እያለ ተሻገረ። የእናቴ ስልክ ወዲያው ጠፋ፤ ዳግመኛም አልበራም።

እልልታዬን ሳቀልጠው የግቢው ሰው በሙሉ ወጣ።

ሰፈራችን ከፈረሰ ወዲህ እትዬ ዘይነባ የት እንደገቡ አላውቅም። ድምፁ ግን ከስልክ ስልክ እየተሻገረ እኔ ዘንድ ደርሷል። ካፌው መሐል ከፍ አድርጌ ከፈትኩት፤ አያቴ "እደጊ፣ ተመንደጊ" አሉኝ።