በሩን ያልከፈተችው ጎረቤት

እናቴ ሳጋል ቤት ልትገዛ በተነሳችበት ዓመት የምታየው ቤቱን ሳይሆን ጎረቤቱን ነበር። ከደላላው ጋር ግቢውን ዞር ዞር ብላ ታይና «ደህና ነው» ብላ ታሰናብተዋለች። በማግስቱ ብቻዋን ትመለሳለች። ያረጀ ድሪያዋን ለብሳ፣ ሻሽዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ፣ ከሚሸጠው ቤት አጠገብ ያለውን በር ታንኳኳና ውሃ ትለምናለች።

ጅግጅጋ ውስጥ ውሃ መለመን ቀላል ነገር አይደለም። የሚጠጣው በአህያ ጋሪ ነው የሚመጣው፤ ጋሪው የቀረ ዕለት ጀሪካን ውስጥ ያለችው ትንሽ ውሃ ከወርቅ ትበልጣለች። ቢሆንም መንገደኛ ውሃ ከጠየቀ አይከለከልም። ደንብ ነው። ስለዚህ የሚሰጡሽ ብርጭቆ ብዙ ይናገራል ትል ነበር እናቴ። ሙሉ ነው ወይስ ጎደል ያለ? ሰጪዋ እስክትጠጪ ቆማ ታይሻለች ወይስ ጀርባዋን ትሰጥሻለች? ብርጭቆውን መልሳ ስትቀበልሽ ምን ትጠይቅሻለች?

መጠርጠር የለመደችው የባቡር ጣቢያ ባለባት አዲጋላ ነው። አባቷ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ነበሩ። እናቷ ደግሞ ከጅቡቲ በኩል የሚመጣ ጨርቅ ሰውነታቸው ላይ ጠምጥመው፣ በላዩ ሰፊ ድሪያ አጥልቀው፣ በባቡሩ የሚነግዱ ሴት ነበሩ። ፈታሾች ወደ ፉርጎው ሲገቡ ማን እንደሚጠቁም አይታወቅም። አያቴ ልጃቸውን ከጎናቸው አስቀምጠው ይመክሯት ነበር። «አጠገብሽ ያለው ሰው ዳቦ ከሰጠሽ ዳቦውን ብዪ። ስምሽን ግን አትንገሪው።»

ባቡሩ እየሳሳ ሲመጣ እናቴ ወደ ጅግጅጋ መጣች። የጭነት መኪና ሾፌር የነበረውን አባቴን ሳሃልን አገባች። ታናሽ እህቴ ዋሪስ ጡት ሳትጥል አባታችን ሞተ። ከዚያ በኋላ እናቴ ወደ እናቷ ሥራ ተመለሰች። ድንበር ላይ ወዳለችው ቶጎ ውጫሌ እየሄደች ድሪያና ሻሽ ታመጣለች፣ ገበያ ውስጥ ትሸጣለች። ዕቃው ሳይገኝ ሲቀር እዚያው ታድራለች። ያን ጊዜ እኔና ዋሪስ ብቻችንን ነን።

የምንኖረው መሀል ከተማ፣ ብዙ ቤተሰብ በአንድ በር በሚገባበት የኪራይ ግቢ ነበር። ሚሊኒየሙ በተከበረ በቀጣዩ ዓመት፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ እናታችን ውጫሌ ሳለች አንድ ሰውዬ መጣ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። «ኢክራን» ብሎ በስሜ ጠርቶኝ «እናታችሁ ታማለች። ጨርቁን ሽጠህ ለሕክምና አምጣልኝ ብላ ልካኛለች» አለን። ዋሪስ እያለቀሰች ከፈተችለት። ጨርቁን በትከሻው እየተሸከመ ተመላለሰ። ግቢው ውስጥ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ነበሩ። አንዷ እንዲያውም እንዲያልፍ ሳፋዋን ሳብ አደረገችለት።

እናቴ በማግስቱ በደህና ጤንነቷ ገባች። እኛን አልተቆጣችም። ወደ ግቢው ወጥታ ሴቶቹን ጠየቀቻቸው።

«ሰውየውን አይታችሁታል?»

«አይተነዋል።»

«ታዲያ ‹ማነህ?› አላላችሁትም?»

«እኛ ምን አገባን ሳጋል? ዘመድ መስሎን ነው።»

መስሏቸው ይሁን ፈርተው እንጃ። በዚያ ዘመን በከተማችን ሰውን «ማነህ?» ማለት ቀላል አልነበረም። የጠየቅከው ሰው ማን ሆኖ እንደሚገኝ አይታወቅም። ሁሉም ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ማለፍን ለምዶ ነበር። እናቴ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፤ እሷ በሌለችበት በራችን ላይ የቆመን ሰው «ማነህ?» የሚል ጎረቤት። ያጠራቀመችው ለአንድ ቤት ብቻ ነው የሚበቃው። ከተሳሳተች መመለሻ የለም።

ደላላው ሳቢር ይባላል። ሁለት ስልክ ይይዛል፤ አንዱ ሲጮህ በሌላው ያወራል።

«ሳጋል እህቴ፣ ሰው ቤት ሲገዛ ጣሪያ ያያል። አንቺ የጎረቤት ጥርስ ትቆጥሪያለሽ!»

«ጣሪያው የከፋ እንደሆነ በአናጢ ይጠገናል» አለችው። «ለጎረቤት የሚሆን አናጢ ታውቃለህ?»

በካራማራ በኩል ያሳያት ቤት ጥሩ ነበር። በማግስቱ ሄዳ ጎረቤቱን አንኳኳች። «ውሃ» ብላ ሳትጨርስ አንዲት ልጅ በትልቅ ብርጭቆ የግመል ወተት ይዛላት መጣች። ከየበሩ ሴቶች ብቅ ብቅ አሉ። «ግቢ፣ ከፀሐዩ አረፍ በዪ» አሏት። አንዷ እጇን ይዛ «ልጆችሽ ደህና ናቸው?» አለቻት። እናቴ ወተቱን ሳትቀምስ አስቀመጠችው።

ቤት ገብታ ሻሽዋን እየፈታች «ልጆች እንዳሉኝ በምን አወቀች?» አለች።

«ሆዮ» አለቻት ዋሪስ፣ እኛ ዘንድ እናት የምትጠራው እንደዚያ ነው፣ «በአንቺ ዕድሜ ያለች ሴት ልጆች አታጣም ብላ ገምታ ነዋ።»

«የገመተ ሰው ‹ልጆች አሉሽ ወይ?› ይላል። ‹ደህና ናቸው?› የሚለው ያወቀ ነው።»

ያ ሰፈር ቀረ።

ቀጥሎ ያየችው ቤት ወደ ቱሊ ጉሌድ በሚወስደው መንገድ፣ ከተማው ወደ ሜዳ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነው። ሁለት ክፍል፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ድንጋይ አጥር። አጠገቡ ያለው ግቢ በር ከተደፈጠጠ የዘይት በርሜል የተሠራ፣ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ ነው። የዚያ ግቢ ባለቤት ቃሊ የምትባል፣ ፍየል የምታረባ አሮጊት ነበረች። እናቴ አንኳኳች።

«ማነሽ?» አለ ድምፅ ከውስጥ።

«መንገደኛ ነኝ። የሚጠጣ ውሃ ቢሰጡኝ።»

«የማን ልጅ ነሽ?»

«ከአዲጋላ ነኝ።»

«አዲጋላ አገር ነው። እኔ የጠየቅሁት ሰው ነው። የማን ልጅ?»

«ኧረ እናቴ፣ የጠየቅሁት ውሃ ብቻ ነው።»

«ማዶ ሱቅ አለ። እዚያ ይሸጣል።»

እናቴ ቀና ስትል በሩ ላይ ካለች የምስማር ቀዳዳ ውስጥ አንድ ዓይን ያያት ነበር።

ተናድዳ መጣች። «መንገደኛን ውሃ የከለከለ ሰው በሕይወቴ አይቼ አላውቅም!» ጫማዋን ወርውራ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይታ ግን ድምፅዋ ተለወጠ። «አንድ ነገር አለ። ወይ ቤቱን ራሷ ፈልጋዋለች፣ ወይ ግቢዋ ውስጥ የምትደብቀው አለ።» በእኛ ዘንድ ቤት ሲሸጥ ቅድሚያ የጎረቤት ነው። ቤቱን የሚፈልግ ጎረቤት ገዢ እንዲሸሽለት ፊቱን ቢያጠቁር አይገርምም።

በማግስቱ ደግማ ሄደች። ገና ስታንኳኳ ቃሊ «የትናንቷ ነሽ» አለቻት። «ማንኳኳትሽን አውቄዋለሁ።»

«ነኝ። መንገደኛን ውሃ መከልከል ከየት የመጣ ደንብ ነው?»

«አንቺ መንገደኛ አይደለሽም፤ ቤት ገዢ ነሽ። ያ ሁለት ስልክ ያለው ደላላ እዚህ በር ላይ ቆሞ፣ ‹ውሃ የምትለምን ሴት ትመጣለች፤ ወተት ስጫት፣ ሳቂላት፣ ቤቱ ሲሸጥ አንቺንም አልረሳሽም› አለኝ። የእኔ ውሃ ለሽያጭ ምስክር አይቆምም። ሂጂ አሁን።»

እናቴ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሳቢር ሄደች። ሳቢር አልካደም፤ ሳቀባት። «ወላሂ ሳጋል፣ የማያውቅ የለም እኮ! ሴቶቹ ራሳቸው ‹ዛሬ ውሃ ለማኟ ወደየት ናት?› እያሉ ይደውሉልኛል። እኔ ወተት እንዲሰጡሽ ብነግራቸው ምን አጠፋሁ?»

ያን ቀን እናቴ ምሳ አልበላችም። ስንት በር አንኳኩታ፣ ስንት ብርጭቆ መርምራ፣ ለካ የምታየው ሁሉ ቀድሞ የተዘጋጀላት ኖሯል። ከሁሉም ያመነችው ያልከፈተላትን በር ነው። እሱንም ቢሆን ብዙ አላመነችውም።

«ሳቢር ‹አትክፈቺላት፣ ስትከለክዪያት ታምንሻለች› ብሏት ቢሆንስ?» አለች።

ዋሪስ እየሳቀች ተንከባለለች። «ሆዮ፣ እንግዲያው ሀርሺን ሜዳ ላይ ግዢ። ግመል ደላላ አይሰማም።»

እናቴ አልሳቀችም። ወደ እኔ ዞረች። እንግዳ ሲመጣ መጋረጃ ጀርባ የምደበቅ፣ ሰላምታ እንኳ በሹክሹክታ የምመልስ ልጅ ነበርኩ። ሳቢር ፊቴን አይቶት አያውቅም።

«ኢክራን ትሂድ።»

ቃሊ በር ስንደርስ ፀሐዩ አናት ላይ ነበር። እናቴ ማዶ ካለ የድንጋይ ክምር ኋላ ቀረች። እኔ የበርሜሉን በር በጣቴ ነካሁት እንጂ አንኳኳሁ አይባልም።

«ማነሽ?»

የተናገርኩ መስሎኝ ነበር፤ ድምፄ ግን አልወጣም። ዓይኑ በቀዳዳው መጣና ሄደ። ወዲያው በሩ ተከፍቶ አንድ ሻካራ እጅ ወደ ውስጥ ሳበኝ።

«በዚህ ሐሩር ማን ላከሽ ልጄ?»

ቃሊ አጭርና ቀጭን ሴት ናት። ጥላ ውስጥ አስቀምጣ በጣሳ ውሃ ሰጠችኝ። እስክጨርስ ምንም አልጠየቀችኝም። አንዲት ግልገል መጥታ የቀሚሴን ጫፍ ታኝክ ጀመር። ከዚያ ቃሊ ፊት ለፊቴ ቁጢጥ ብላ «የማን ልጅ ነሽ?» አለችኝ።

አባቴ በሕይወት ሳለ ጭኑ ላይ አስቀምጦ እንዳስተማረኝ አባቶቼን ቆጠርኩላት። ሳሃል፣ ኑር፣ ዋበሪ፣ ሚሬ፣ ዐብዲወሃብ። እኛ ዘንድ ሰው ማን እንደሆነ የሚታወቀው እንደዚያ ነው። አንገቷን ነቀነቀች።

«ማን ላከሽ?»

የቀሚሴን ጫፍ ከግልገሏ አፍ ሳብኩ። መዋሸት አልችልበትም፣ እውነቱንም መናገር አልተፈቀደልኝም። ቃሊ ተነስታ ሄዳ በሩን በብረት መወርወሪያ ቀረቀረችው።

«እንግዲያው የላከሽ ሰው መጥቶ እስኪጠይቅሽ ድረስ አትወጪም። ሴት ልጅ በዚህ መንገድ ብቻዋን የሚልክ ሰው ፊቱን ላየው እፈልጋለሁ።»

ያን ጊዜ ፈራሁ። እናቴ የጠረጠረችው ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣብኝ። የተደበቀው ነገር ምን ይሆን እያልኩ ግቢውን በዓይኔ ፈለግሁ። ፍየሎች፣ ጀሪካኖች፣ የተሰጣ ሻሽ። ሌላ ምንም የለም። እሱም ራሱ አስፈራኝ።

ብዙ ሳይቆይ በሩ በመዳፍ ተደበደበ።

«ልጄን ልቀቂ!»

«ማነሽ?»

«እናቷ ነኝ!»

«እናቷ ነኝ ማለት ማንም ይችላል» አለች ቃሊ ሳትቸኩል። «ልጅቷ አባቶቿን ቆጥራልኛለች። አንቺም ቁጠሪ።»

«ምን?»

«ቁጠሪ።»

«ሳሃል…» አለች እናቴ። «ኑር… ዋበሪ…» ከዚያ ቆመች። ትንፋሿ በቆርቆሮው ውስጥ ይሰማኝ ነበር። የራሷን አባቶች በእንቅልፏ እንኳ ትቆጥራቸዋለች። እነዚህ ግን የባሏ ናቸው፤ እሱ ከሞተ ወዲህም ማንም ጠይቋት አያውቅም። ልነግራት አፌን ስከፍት ቃሊ በመዳፏ ከደነችው።

«እንዳትነግሪያት! ሌባም ቢሆን ከውስጥ የሚነግረው አያጣም።»

«ሚሬ!» ጮኸች እናቴ። «ሚሬ! ዐብዲወሃብ! ክፈቺ አንቺ አሮጊት!»

መወርወሪያው ተሳበ።

እናቴ ገብታ ፊቴን፣ ትከሻዬን፣ ክንዴን ዳሰሰች፤ ጨርቅ ስትገዛ ቀዳዳ እንደምትፈልገው። ከዚያ ወደ ቃሊ ዞረች። የሚደባደቡ መሰለኝ። ሁለቱም እኩል አጫጭር ናቸው፣ ሁለቱም አገጫቸውን ቀና አድርገዋል።

«እስቲ ውሃ ስጪኝ» አለች እናቴ።

«አሁን ገና ጠየቅሽ።» ቃሊ ጣሳውን አመጣችላት። ግማሽ እንኳ አይሞላም። «ጋሪው ዛሬ ቀርቷል። ልጅሽ ጠጥታዋለች።»

እናቴ አንድ ጠብታ ሳታስቀር ጠጣችው። ጣሳውን ግን ወዲያው አልመለሰችም።

«ቤቱን አንቺ ትፈልጊዋለሽ?»

«ፍየሎቼ ይፈልጉታል። እኔ የምፈልገው ጎረቤት ነው። አንቺ ትሁኚ አትሁኚ ግን ገና አልወሰንኩም።»

ቀልድ አልነበረም። በዚያው ሳምንት አንድ የማናውቀው ሰው ገበያ ውስጥ እየዞረ «ሳጋል የምትባል ጨርቅ ነጋዴ እንዴት ያለች ሰው ናት? ማን ይመጣባታል?» ብሎ ጠየቀ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እናቴ ሱቋን ዘግታ በተደበቀች ነበር። ያን ቀን ግን የነገረቻትን ሴት ክንድ ይዛ «ከቱሊ ጉሌድ መንገድ ነው የመጣው?» አለቻት። እንደሆነ ስትሰማ፣ ያስጠየቀቻት ቃሊ መሆኗ ገባትና ቤቱን ለመግዛት ወሰነች። ሳቢር የድለላውን ተቀብሎ «ከስንት ወተት ሰጪ ይልቅ ውሃ የከለከለችሽን መረጥሽ» ብሎ አኩርፎ ሄደ።

ከገባን በኋላ እናቴ እንደ ቃሊ በር የእኛንም በር በምስማር በሳችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ውጫሌ ስትሄድ እንደምታድር ነገረችን። ግን በዚያው ቀን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ባጃጅ በራችን ላይ ሲቆም ሰማን። በኋላ እናቴ «መንገዱ ተዘግቶ ነው» አለች። አልተዘጋም ነበር።

አንኳኳች እንጂ አልተናገረችም። እኔና ዋሪስ እንደታዘዝነው አልከፈትንም። ከአጥሩ ወዲያ የቃሊ ድምፅ መጣ።

«ማነሽ?»

እናቴ ደግማ አንኳኳች።

«ማነሽ እላለሁ! ድንጋይ ይዣለሁ።»

ያን ጊዜ የእናቴ ድምፅ ተሰማ፤ ሳይቸኩል፣ ሳይደናቀፍ። «ሳሃል፣ ኑር፣ ዋበሪ፣ ሚሬ፣ ዐብዲወሃብ…» በዚያም አላቆመችም። እኔ ሰምቻቸው የማላውቃቸውን፣ አባቴም ሳያስተምረኝ የሞተውን ስሞች አንድ በአንድ ቀጠለች። ከማን እንደተማረቻቸው እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

«በቃ፣ በቃ» አለች ቃሊ። ድንጋዩ መሬት ላይ ሲወድቅ ሰማን። «ልጆች፣ ክፈቱላት።»

ዋሪስ ዘላ ተነስታ ቁልፉን ያዘች።

«ቆዪ!» አለች እናቴ ከውጭ። «መጀመሪያ በቀዳዳው እዪ።»