ያለ ሞት የተነፋ ጥሩምባ

ያንን ሰውዬ ሳስበው ዛሬም አፌን ይመረኛል። ከእሱ ይልቅ ግን ራሴን ነው የምጸየፈው።

ቀራንዮ ያለው የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ነኝ። በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ጎህ ሲቀድ ጥሩምባ ይነፋል፤ የሰማ አባል ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣል፣ የቀረ ይቀጣል። ይህን ሕግ መንግሥት አላወጣብንም፤ ያወጣነው እኛው ነን። ጥሩምባውን ሠላሳ ዓመት የነፉት አንድ ሽማግሌ ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ አባባ ነው የሚላቸው። ትንፋሻቸው ደክሞ እንኳ ለሌላ ሰው አልሰጡም።

በምርጫው ሰሞን ለከተማው ምክር ቤት የሚወዳደር አንድ ሰው ቤቴ መጣ። መኪናውን እስከ በራፌ አስጠግቶ ስለወረደ የእኛ ጭቃ ጫማውን አልነካውም። ንግግሩ ግን ማር ነበር።

"መንግሥት መንገድ ይሥራ፣ ሌባ ይያዝ፤ ከዚያ በኋላ ከሰው ጓዳ ይውጣ። ሰው በቤቱ ጌታ ነው። ምን እንደሚያስብ፣ የት እንደሚሰበሰብ ማንም ሊያዘው አይገባም" አለኝ።

እንዴት አልወደው? ስንት ቅዳሜ በሬ እየተንኳኳ ለስብሰባ ተነድቻለሁ፤ ስንቱን ሳይገባኝ አጨብጭቤያለሁ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ቡናውን ጨርሶ ሊነሳ ሲል፣ እሁድ ጠዋት ሜዳው ላይ ሕዝቡን ሊያነጋግር እንዳሰበ ነገረኝ።

"በማይክ ብጠራው ማን ይመጣል? ያችን ጥሩምባችሁን አንዴ ብታስነፉልኝስ?"

ሊቀመንበራችን ታመው ተኝተው ስለነበር የምጠይቀው ሰው አልነበረም። እሺ አልኩት።

አባባ ግን እንቢ አሉ።

"ልጄ፣ ይቺ ለሞት ብቻ ናት። ሰውን በባዶ ሜዳ ምን ብዬ ላስደንግጠው?"

"ለአንድ ቀን ነው፣ አባባ። እርስዎ ብቻ ይንፉ፤ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ።"

ዕድሩ ካዘዘ ምን አደርጋለሁ ብለው ነፉ።

ሜዳው ጢም ብሎ ሞላ። ሴቱ ነጠላውን አዘቅዝቋል፣ ወንዱ ጋቢውን እንደደረበ ነው። አንዲት ጎረቤቴ "ማን ነው? ኧረ ማን ነው የሞተው?" እያለች ታለቅስ ነበር። ተወዳዳሪው ወንበር ላይ ወጣና ሕዝቡን አይቶ ፈገግ አለ።

"ማንም ሳያስገድዳችሁ፣ በነጻ ፈቃዳችሁ እንዲህ ነቅላችሁ በመውጣታችሁ ኮራሁባችሁ! ነጻነት ማለት ይሄ ነው!"

ሬሳ ሊቀብር፣ ቅጣት ፈርቶ የወጣን ሰው በነጻ ፈቃድህ መጣህ ይለዋል! ከአጠገቡ የቆመው ሰውዬ ደግሞ የሚያለቅሱትን ሴቶች ቪዲዮ ይቀርጻል። ሰዉ ነገሩ ሲገባው ተወዳዳሪውን ትቶ ወደ አባባ ዞረ።

"ስንት አጎረሱዎት?" አላቸው አንዱ።

አባባ ወደ እኔ ተመለከቱ። እኔ አንገቴን ደፍቼ የነጠላዬን ጥለት እነካካ ነበር።

በሳምንቱ አባባ ሞቱ።

ጥሩምባውን ጎረቤታቸው ነፋላቸው። የሚወጣ ሰው ግን አልነበረም። ከአንዱ ግቢ "ዛሬ ደግሞ የየትኛው ፓርቲ ነው?" የሚል ሳቅ ሰማሁ። እንደዚያ የምጠላው የስብሰባ ጠሪ በር ለበር እያንኳኳሁ ለመንኩ። ግማሹ ደንግጦ ወጣ፤ ግማሹ "እኚህ ሰውዬ አይደሉ እንዴ የሸጡን?" ብሎ በሩን ዘጋ። ሰፈሩን ሁሉ ለቀብር ሲጠሩ የኖሩት ሰውዬ ተሸካሚ አነሳቸው፤ አስከሬናቸውን የያዙት ሰዎች የሚቀይራቸው አጥተው መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ አሳረፉት።

ማታ ተወዳዳሪው ደወለልኝ።

"ሽማግሌው አረፉ አሉ፣ ነፍስ ይማር። ጥሩምባው ግን አለ አይደል? ለመዝጊያው ፕሮግራም አስቤ ነበር።"

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። በዚህች ብቻ ንጹህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

በሠልስቱ የአባባ ሚስት ጥሩምባውን በሻሽ ጠቅልለው ሰጡኝ።

"ንብረታችሁን ውሰጂ፣ ልጄ። ከዚያ እሁድ ወዲህ እህል አልቀመሰም። 'ሰፈሬን ዋሸሁት' እያለ ግድግዳ ግድግዳውን ሲያይ ነው የሰነበተው። ማን አዘዘህ ብዬ ብጠይቀው፣ ብጠይቀው፣ አልነገረኝም።"

"እግዜር ያጽናዎት" ብዬ ጥሩምባውን ታቅፌ ወጣሁ።

በወሩ መጨረሻ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ። አባላቱ ተቆጥተው ነበር። ጥሩምባ ነፊ ከእንግዲህ ያለ ኮሚቴው ትእዛዝ በገዛ ፈቃዱ እንዳይነፋ ተወሰነ። ያን እሁድስ አባባን ማን አዘዛቸው ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው እንኳ አልተነሳም። እኔም አልተነሳሁም፤ የተነሳውን ሐሳብ እየሰማሁ እጽፍ ነበር። "በቀድሞው ጥሩምባ ነፊ ጥፋት ምክንያት" የሚለውን ሐረግ ቃለ ጉባኤው ላይ በጥሩ እጅ ጽሑፍ አሰፈርኩና ከሥሩ ፈረምኩ።