ግማሽ እንቁላል ለሽማግሌ

ይህ የሆነው አምና በጥቅምት ማብቂያ፣ አንድ እሑድ ቀን ነው። እስከ ዛሬ እንቁላል ቀቅዬ ለሁለት በሰነጠቅሁ ቁጥር ትዝ እያለኝ ልቤ ድው ድው ይላል።

ያን ቀን ጎንደር ቀሐ ወዳለው ቤታችን ሽማግሌዎች መጡ። ታላቅ እህቴን ምሕረትን ለልጃቸው የሚጠይቁ የቆላ ድባ ገበሬዎች ናቸው። አባቴ “እሺ” ብሏል፤ የቀረው የሠርጉን ቀን መቁረጥ ነበር። ግን ሰዎቹ “ከተሜ ይንቀናል” ብለው ሊቀሩ ሲሉ ልጁ ለምኖ እንዳመጣቸው ምሕረት ነግራኛለች። እናቴም ከጠዋት ጀምራ “ዛሬ አንድ ነገር ብታጓድሉ የልጄ ነገር አበቃለት” ስትል ነው የዋለችው።

እኔ ታዲያ መቼ አርፌ እቀመጣለሁ! ዶሮው እስኪደርስ ማቆያ ይሆናል ብዬ ስልኬ ላይ ያየሁትን ሠራሁ። እንቁላሉን ለሁለት ሰነጠቅሁ፣ አስኳሉን አውጥቼ በቅቤና በሚጥሚጣ አሸሁትና መልሼ ሞላሁት። ፈረንጆቹ በማዮኔዝ ነው የሚሠሩት። እኔ የጎንደር ልጅ ስለሆንሁ ሚጥሚጣውን አልሰሰትሁም። ከዚያ በየሳህኑ አንድ አንድ ግማሽ አድርጌ ለእንግዶቹ አቀረብሁ።

የሽማግሌዎቹ አለቃ የልጁ አጎት አያ ታደለ ናቸው። ሳህናቸውን አዩት፤ እጃቸውን ግን አልሰደዱም።

“ምነው ልጄ፣” አሉ ቀስ ብለው፣ “ሌላውን ግማሽ ለማን አስቀራችሁት?”

ያኔ ነው ጉድ መሥራቴ የገባኝ። በዶሮ ወጥ ላይ እንኳ ለእንግዳ እንቁላሉ ሙሉውን ነው የሚወጣለት፤ እኔ ለአማች ግማሽ ሰጠሁ! አጠገባቸው ያሉት ሽማግሌ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ቀና ስል በጓዳው በር ስንጥቅ የምሕረትን ዓይን አየሁ። እንባ ሞልቶታል።

ምን እንዳደፋፈረኝ እንጃ፣ ሮጬ ሌላ ግማሽ አመጣሁና ከእሳቸው ግማሽ ጋር ገጠምሁት።

“ይኸው ሙሉ ነው፣ አያ! በሞቴ!” ብዬ ወደ አፋቸው ዘረጋሁ።

ጉርሻ እምቢ አይባልም። ጎረሱ።

ወዲያው ፊታቸው ቀላ፤ ትን አላቸው። የሁለት ግማሽ ሚጥሚጣ ባንድ ጊዜ ማጉረሴ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። እኔ እኮ ነርስ ነኝ፤ ግን የተማርሁት ሁሉ ከጭንቅላቴ ጠፋ። ውሃ ብሰጣቸው በእጃቸው ገፉት። እናቴ “ገደልሽኝ!” ብላ ጮኸች። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ተነስተው ቆሙ። በቃ፣ የእህቴን ትዳር ብቻ ሳይሆን ሰውም ገደልሁ አልሁ።

በመጨረሻ ሳሉ ለቀቃቸው። እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና አተኩረው አዩኝ።

“አንድ ጉርሻ ያጣላል፣” አሉ። “ድገሚኝ።”

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። የቆሙትም ተቀመጡ፣ ሠርጉም ለጥር ተቆረጠ።

አሁን ቆላ ድባ በሄድሁ ቁጥር አያ ታደለ ያን እንቁላል ሥሪ እያሉ ያስቁብኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ያቺ በበሩ ስንጥቅ ያየኋት ዓይን ግን እስካሁን ታስደነግጠኛለች። እንግዳ ሲመጣ ዛሬም እንቁላሉን እሰነጥቃለሁ። የማቀርበው ግን ሁለቱን ግማሽ ገጥሜ ነው።