ኦቦ ደቻሳ ያነበቡት ሰባት

በቅርቡ የዩኒቨርሲቲው ማደሪያችን ኮሪደር ቀለም ሲቀባ፣ ቀለም የሚያቀጥኑበት የአኳራጅ ሽታ በበራችን ሥር ሾልኮ አልጋዬ ድረስ መጣ። ጓደኞቼ አፍንጫቸውን ይዘው ወጡ፣ እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ቀረሁ፤ ሽታው ይዞኝ ወደ ቡራዩ ግቢያችን፣ ሸራ ለብሳ ወደምትተኛው አረንጓዴ ቮልስ፣ ብሩሽ ጆሮዋ ላይ ሰክታ ወደምትዞረው አክስቴ ሄዶ ነበር።

አባቴ መካኒክ ነበር። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ሸራውን እየደበደበው እሱ ከመኪናዋ ሥር ተጋድሞ ሲፈታና ሲገጥም ይውል ነበር፤ እኔም የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ መሪውን በሁለት እጄ ይዤ፣ በመስታወቱ በኩል ከሸራው ጠርዝ የሚወርደውን ውሃ እያየሁ፣ መኪናዋ ሳትንቀሳቀስ ሩቅ አገር እደርስ ነበር። ቮልሷን የሚያዘጋጃት ለውድድር ነበር። በጋ ላይ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ የሚሰባሰቡ መካኒኮችና የታክሲ ሾፌሮች፣ ሱሉልታ ሜዳ ላይ በርሜል ደርድረው፣ በዚያ ዙሪያ በአሮጌ መኪኖቻቸው ይሽቀዳደሙ ነበር።

የመኪኖቹ ቁጥር በዕጣ ከባርኔጣ ውስጥ ይወጣ ነበርና ለአባቴ ሰባት ደረሰው። ቁጥሩን ማን እንደሚጽፈው ማንም አልጠየቀም። ታላቅ እህቱ፣ እኛ እትዬ ጽጌ የምንላት፣ የታፔላ ጸሐፊ ነበረች፤ የሥጋ ቤቱን፣ የፀጉር ቤቱን፣ የጎሚስታውን ስም ሁሉ የጻፈችው እሷ ነበረች፣ ለእያንዳንዱ ፊደልም ጥላና ጌጥ ታወጣለት ነበር። ወላጆቻቸው በልጅነታቸው ስለሞቱ አባቴን ያሳደገችውም እሷ ነበረች። ለእሱ መኪና ተራ ሰባት አነሰባት። ስለዚህ በግዕዝ ቁጥር ጻፈችው፤ ፯ን በአረንጓዴው በር ላይ በቀይ ቀለም አድርጋ፣ ጭራውን እንደ ሐረግ ጠምዝዛ፣ ዙሪያውን በወርቃማ ቅጠል አጀበችው። ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ ያየው ነበር። አባቴም እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ሲያየው ቆይቶ፣ እንዲህ አጊጦ ቢሸነፍም ግድ እንደሌለው ነገራት።

ኅዳር ላይ ሜዳው ደርቆ ውድድሩ ተደረገ። ቆጣሪዎቹ አይሱዙ ላይ ቆመው በፊታቸው የሚያልፈውን መኪና ቁጥር እየጮኹ ይመዘግቡ ነበር። አቧራው ወፍራምና ቢጫ ነበር፣ መኪኖቹም ከሕልም ውስጥ እንደሚወጡ ብቅ እያሉ መልሰው ይጠፉ ነበር። አባቴ ሦስተኛ ሆኖ ሲገባ በዓይናችን አየን። ስሙ ግን ሳይጠራ ቀረ። ሄዶ ሲጠይቅ ከቆጣሪዎቹ አንዱ እያፈረ፣ «ወንድሜ፣ እኛ አበባ መስሎን ነበር፤ ቁጥር የሌለው መኪና ደግሞ አንቆጥርም» አለው። አጠገባችን የቆመ የሰበታ ሾፌርም፣ «ባለ አበባው፣ ሰርግ ነው እንዴ የመጣኸው?» ብሎ ሰዉን አሳቀበት።

«ባለ አበባው» የሚለው ቅጽል ስም ከእኛ ቀድሞ ቡራዩ ገባ። አባቴ በራችን ላይ እትዬ ጽጌን ሲያያት፣ «ያስጌጥሽው ለእኔ ሳይሆን ለራስሽ ነው» አላት። እሷም ብሩሾቿን በጨርቅ ጠቅልላ ሄደች። በማግስቱ አባቴ በሩን በአኳራጅ አጠበው፣ ቀዩ ግን እንደ ጠባሳ ቀረ። ገና ያለ እሷ መጣ፣ ጥምቀትም ያለ እሷ አለፈ። ከትምህርት ቤት ስመለስ በሥራ ቦታዋ በኩል አልፍ ነበር፤ ጉንጬን ስማ ስለ ትምህርቴ፣ ስለ እናቴ ትጠይቀኛለች፣ ስለ እሱ ግን አትጠይቅም ነበር። እኔም ሁለቱ ሳይነጋገሩ ያረጁ ይሆን እያልኩ እፈራ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ፣ ዝናቡ ሳይገባ ሌላ ውድድር እንደሚኖር ተሰማ። አባቴ አዲስ አበባ ወርዶ ቁጥሩን በስቲከር ሊያስለጥፍ አሰበ። እናቴ፣ «ሌላ እጅ ያንን በር ከነካው ጽጌ ይህን ቤት ዳግመኛ አትረግጥም» አለችውና ኦቦ ደቻሳን በሽማግሌነት ጠራች። ኦቦ ደቻሳ ላም የሚያረቡ ጎረቤታችን ነበሩ፤ ዓይናቸው ስለደከመ እኔን በእግሬ ኮቴ ለይተው «አካም ቡልቴ» እያሉ ሰላም የሚሉኝ አዛውንት።

ሁለቱን አስቀምጠው አዳመጧቸው። ሁላችንም አሁን «ተሳሳሙ» ይላሉ ብለን ስንጠብቅ፣ «ጽጌ ቁጥሩን እንደገና ትጻፍ» አሉ፤ «እኔ ከሩቅ ካነበብኩት ትታረቃላችሁ፣ ካላነበብኩት ሌላ ሽማግሌ ፈልጉ።»

አባቴ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሳቀ። «ኦቦ፣ አንቱ የራስዎን ላም እንኳ በድምፅ አይደል የሚለዩት?»

«ለዚሁ ነዋ። እኔ ያነበብኩት ማንን ያቅተዋል?»

ለሙከራው ወደ ገፈርሳ ግድብ የሄድነው ማለዳ ነበር። ጉም ከውሃው ላይ ቀስ እያለ ይነሳ ነበር፣ የባሕር ዛፉ ጥላም ውሃው ውስጥ ተገልብጦ ይወዛወዝ ነበር። ቮልሷን ዳር አቁመን ኦቦ ደቻሳና እናቴ ራቅ ብለው ሣሩ ላይ ተቀመጡ፣ እኔም በመካከል እየሮጥኩ መልስ አመላልስ ነበር። እትዬ ጽጌ በመጀመሪያ ካርቶን ላይ፣ በግዕዝ ሳይሆን በተራው ቁጥር፣ ቀይ ሰባት በወርቃማ ጠርዝ ጽፋ በሩ ላይ ደገፈችው። ኦቦ ደቻሳ ዓይናቸውን አጥብበው ቆዩና «ሂን አርጉ» አሉ፣ አይታየኝም ማለታቸው ነው። በነጭ ላይ በቢጫ ጻፈች፤ ጉሙ ዋጠው። ቀጭን ጥቁር ሰባት ጻፈች፤ «አንድ ቁጥር ነው» አሉ። ይህን ሳደርስላት ብሩሿን ይዛ ቆማ፣ ካርቶኑን ትታ ሽማግሌውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተቻቸው።

ከዚያ በሩ ላይ ትልቅ ነጭ ክብ ቀባች። አባቴ ሳትጠይቀው ጣሳውን አንስቶ ያዘላት። ነጩ እስኪደርቅ ሁለቱም ጎን ለጎን ቆመው ውሃውን ያዩ ነበር። በኋላ በክቡ ውስጥ አራት ጣት የሚወፍር፣ ጭራ የሌለው፣ ጥላ የሌለው ጥቁር ሰባት ጻፈች። «ማዳበሪያ ከረጢት ላይ ያለውን መሰለ» አለች።

«እታለም፣ ትንሽ ጥላ ብትጨምሪበትስ?» አላት አባቴ ቀስ ብሎ።

«ተወው ታዴ። አንተ ታይ።»

እኔ ለመጠየቅ መሮጥ ስጀምር ኦቦ ደቻሳ ከተቀመጡበት «ቶርባ» አሉ፤ ያልሰማን መስሏቸው በአማርኛም «ሰባት» ብለው ደገሙት። አባቴ ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ ሲል፣ ቀለም በነካው እጇ አንገቱን ይዛ ቀና አደረገችው። የሸሚዙ ኮሌታ ጥቁር ሆነ፤ እናቴ ብታጥበውም አልለቀቀም።

በግንቦቱ ውድድር አቧራው የባሰ ነበር፣ ሞተሯም ስለጋለ አባቴ ከኋላ ሆኖ ጨረሰ። ግን ባለፈ ቁጥር ከአይሱዙው ላይ «ሰባት» ሲሉ እንሰማ ነበር፤ እትዬ ጽጌ በሩን አታይም፣ በመስኮቱ የሚታየውን ፊቱን ብቻ ትከተል ነበር። የሰበታው ሾፌር መጥቶ አበባው ረገፈ ወይ ሲላት፣ ዞር ሳትል «ረግፎ ፍሬ ያዘ» አለችው።

አሁን ቡራዩ ላይ ታፔላው ሁሉ በማሽን ይታተማል፣ እትዬ ጽጌም የሕፃናት ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ፊደል ትሥላለች። ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ስመለስ ከሚኒባሱ መስኮት ሆኜ ሁሉንም አነብባለሁ፤ ፊደሎቹ ጥርት ያሉ ናቸው፣ ሾፌሩ ፈጥኖ ቢነዳም አያመልጡኝም። ያኔ ግን በዚያው መንገድ በእግሬ ስሄድ፣ ገና ማንበብ ሳልችል እንኳ፣ በየሱቁ በር ላይ የአክስቴን እጅ እያየሁ ነበርና ቤቴ የሚጀምረው ከአስፋልቱ ዳር ይመስለኝ ነበር።