ልብወለዴን በሰላምታ ጀመርኩ

በጋሪ ወደ ቡሬ የምትሄድ አንዲት ሴት ለዓመታት በሐሳቤ ትመላለስ ነበር። ምስር ስለቅም ወይም ልብስ ሳሰጣ ከጉም ውስጥ ብቅ ትልና መልሳ ትጠፋለች። አንድ ቀን ጭራሽ ጠፍታ እንዳትቀርብኝ ሰጋሁና ታሪኳን ልጽፍ ተቀመጥኩ። ትምህርት ከአራተኛ ክፍል ካቆምኩ ወዲህ የጻፍኩት ደብዳቤ ብቻ ስለሆነ፣ እጄ አስቀድሞ «ለጤናሽ እንደምን አለሽ?» ብሎ ጻፈ።

ልጄ አየችና ሳቀች። «እማዬ፣ ልብወለድ እኮ ሰላምታ የለውም። ደግሞ ማንን ነው የምትጠይቂው?»

«ሴትዮዋን ነዋ።»

«እና ምን አለችሽ?»

በደብዳቤ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የታመመም፣ የከፋውም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላል። እኔም እንደ ልማዴ ይህንኑ ልጽፍላት ነበር። ሴትዮዋ ግን ጋሪውን አስቆመችና ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

«ደህና አይደለሁም» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ለማወቅ መቀጠል ነበረብኝ።